የሽንኩርት ቀብድና የእህቴ ቀመር

አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን ካገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ የለቃቀምኩ የሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። መልካ ወረር ማሳ ላይ እንዳለ በቀብድ እይዛለሁ፤ ሲደርስ አዋሽ ሰባት ኪሎ አምጥቼ ከጅቡቲ ለሚመለሱ ሾፌሮች እሸጣለሁ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ሰመራ ላይ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ አራት ቀን ሲቀራት ልጠይቃት ሄድኩ።

ቬንትሌተሩ ፊት ቁጭ ብላ፣ ሻሿን በውኃ ነክራ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ አገኘኋት።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳን የሽንኩርት ወሬ እንዳታመጪብኝ» አለችኝ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ።

«እሺ፣ ያንቺን ንገሪኝ። ስለ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«አይገባሽም።»

«ሞክሪኝ እስቲ፣ ሙቀቱን ያስረሳኛል።»

እየሳቀች ጀመረችልኝ። እንደኛው ገና ዳዴ በሚል የሌላ አገር የአክሲዮን ገበያ፣ ሰዎች አክሲዮኑን ሳይሆን መብቱን ይገዛሉ አለች፤ ኦፕሽን ይባላል። ከሦስት ወር በኋላ ዛሬ በተቆረጠው ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ዋጋው ከወጣ ይገዛሉ፤ ከወረደ ይተዉታል፣ ለመብቱ የከፈሉት ግን ቀልጦ ይቀራል።

«ወላሂ፣ ይሄማ ቀብድ ነው!» ብዬ ከፍራሹ ተነሳሁ። ስንት ዓመት እንጀራ የበላሁበት ነገር ለካ በዩኒቨርሲቲ ይጠናል! ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የእሷ ጥያቄ ያ ቀብድ ስንት ሊሆን ይገባል የሚል ነበር። ማስሊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋጋ እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ይፈሳል ብሎ በአንድ ቀመር ይጨርሰዋል። ሌላው እንደ ደረጃ፣ ነገ ወይ አንድ እርከን ይወጣል ወይ አንድ ይወርዳል እያለ ይቆጥራል። ሁለቱንም ሰዎቹ በእውነት ከከፈሉት ጋር አስተያየቻቸው። ሁለቱም ዝቅ ብለው ተገኙ። እሷም «ገዢዎቹ ገና ስላልበሰሉ ከሚገባው በላይ ይከፍላሉ» ብላ ደመደመች።

ይቺ ነካችኝ። «ነጋዴ ሞኝ ነው እያልሽ ነው?»

«ቁጥሩ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ቁጥሩን አሳዪኝ።»

ላፕቶፗ ላይ የየቀኑን የአክሲዮን ዋጋ ሰንጠረዥ ከፈተችልኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ያው ዋጋ፣ ያው ዋጋ፣ ያው ዋጋ፤ ከዚያ አንድ ቀን የለም።

«ይሄ ቀን የት ሄደ?»

«ድንገት የዘለሉ ዋጋዎች ነበሩ። የመዝጋቢ ስህተት መስለውኝ አወጣኋቸው።»

«ያወጣሽው እኮ ገበያውን ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «መንገድ ተዘግቶ መኪና ሲጠፋ አዋሽ ላይ የሽንኩርት ዋጋ ሳምንቱን ሙሉ ያው ነው። ረግቶ እንዳይመስልሽ፤ ጠያቂ አጥቶ ነው። መንገዱ የተከፈተ ለት ሾፌሩ ሁሉ ባንዴ ሲወርድ ዋጋው ደረጃ አይቆጥርም፣ ይዘላል። እኔ ቀብድ የምሰጠው ለዚያች ቀን ብዬ ነው!»

ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ የወጡትን ቀናት እየመለሰች ማስላት ጀመረች። የሁለቱም ስሌት ውጤቶች ከፍ፣ አሁንም ከፍ እያሉ ሰዎቹ ወደከፈሉት ተጠጉ። ተቃቅፈን ስንጮህ ጎረቤት በሩን አንኳኳ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ቀብድ ገባን!» አልኩት። ግራ ተጋብቶ ሄደ።

እህቴ ግን ቶሎ ቀዘቀዘች። «እትዬ፣ ሰንጠረዡ ሁሉ ፈረሰ። በአራት ቀን አይደርስም። ካራዘምኩ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም፤ እማዬ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ጠርታለች።»

«እንዳለ ብታቀርቢውስ ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ፣ አሁን ደግሞ እኔም» አለች።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ለእማዬ ደወለች፤ ከዚያ አማካሪዋ ዘንድ ሄዳ ቀኗ እንዲገፋላት ጠየቀች። ጓደኞቿ ያለ እሷ ተመረቁ። እሷ ያወጣቻቸውን ቀናት በሙሉ መልሳ ሁለቱንም ስሌት እንደ አዲስ ሠራች፤ ስለ ገዢዎቹ የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ሰረዘች፤ በሚቀጥለው ዙር አቅርባ አለፈች።