የተውሶ ጠመንጃ

ባለፈው ሳምንት በሺፍት እረፍት ላይ፣ ከእኔ ጋር የካዚኖ ዕቃ ክፍል የሚሠራ ባልደረባዬ ሳንድዊቹን እያላመጠ፣ «የሩቅ ኢላማ ጠመንጃ ልግዛ ወይስ ዕቃውን ለቃቅሜ ላስገጣጥም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ግዛ» አልኩት።

«የአንተ ግን የተገጣጠመ ነው አሉ።»

ለእሱ ያልመለስኩለትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

በፈረንጅ 2020 ነው። በሽታው ካዚኖዎቹን አዘግቶ፣ እንደ ሰርግ ቤት ሲንቦገቦግ የሚያድረው ላስ ቬጋስ ጭር ብሎ ነበር። እኔም ሥራ ፈትቼ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ተጎልቻለሁ። አርባዎቹን አጋምሻለሁ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ወርቁ ግን «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ ያኔ ወጣት ነበርኩ ብል ማንም አይከሰኝም።

ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው። ድሮ በአገር ቤት ወታደር ነበሩ፣ ኢላማ የማይስቱ። አንደኛው ዓይናቸው መሃሉ ጠቁሮ ቀርቷል፤ የሰው ጆሮና ትከሻ ያያል፣ ፊቱን አያይም። ሁለተኛውም ጀምሮት ነበር። ታዲያ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይጨልምባቸው አንዴ ከሩቅ የተሰቀለ ብረት መትተው ድምፁን መስማት። ጠመንጃውን አዘጋጃለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ልጃቸው ሜላት እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ቀጥ ብላ ነው የነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ስቶር ያለውን ግዙት በቃ። ቢልድ ማድረግ ፎርኤቨር ነው የሚወስደው። የአባዬ ዓይን ዌይት አያደርግም።»

«የሱቅ ጠመንጃ የማንም ነው» አልኳት። «የገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ነው ይዞ የሚወጣው።»

«ሶ ዋት?»

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም። እስከዚያ ድረስ ሰው ያነበበልኝን ዕቃ ስገዛ ኖርኩ። አሁን አፈሙዙን ከአንዱ፣ ሰደፉን ከሌላው፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ከሦስተኛው በራሴ ዓይን አንብቤ ልመርጥ ነው። ማን ያቆመኛል? ጋሽ ወርቁም ሲጠየቁ «እሱ ያውቃል» አሉ። አላውቅም ነበር።

ሰደፉ ቶሎ መጣ። አፈሙዙ ቀረ። ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ጠመንጃ ይሸምታል፣ ፋብሪካው ሠራተኛ የለውም፤ ስደውል «ዛሬ፣ ነገ» ይሉኛል። እንዲህ እንዳለ ሙቀቱ በረደ።

ኅዳር ላይ መንገዱን እንልመደው ብለን፣ ከቦልደር ሲቲ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። ሜላት ትነዳለች፤ እኛ ከኋላ ዳቦ ቆሎ እንቆረጥማለን። አየሩ የጠራ ነበር። ከተራራው ሥር አንዲት ነጭ ብረት ተሰቅላለች።

«ያቻትና!» አሉ ጋሽ ወርቁ ጣታቸውን ቀስረው።

አጠገባችን ሲተኩስ የነበረ ሸበቶ ፈረንጅ ደስታቸውን አይቶ ሳቀ። ከወንበሩ ተነሣና ጠመንጃውን እያመለከተ «ይሞክሩት» ብሎ ጋበዛቸው። እጃቸው ተዘረጋ።

«አይሆንም!» አልኩ እኔ። «ጋሼ፣ በተውሶ ጠመንጃ ይተኮሳል እንዴ? ያውም እርስዎ!»

እኔ ባደግኩበት ቀበሌ የሰው ጠመንጃ ይዞ መተኮስ ነውር ነው። አዲስ ጠመንጃ የገባ ቀን ደግሞ ሽማግሌ መርቆ የመጀመሪያዋን ጥይት ይተኩሳል። እኔ ያቺን ጥይት ለእሳቸው አስቀምጬላቸው ነበር፤ አክብሬ።

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልክ ነህ፣ በሰው መሣሪያ አይፎከርም» አሉ። ሰውየውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሜላት አንዴ አየችኝ።

አፈሙዙ የመጣው በ2021 ሰኔ ላይ፣ አስፋልቱ ጫማ በሚይዝበት ሙቀት ነው። ባለሙያ ገጣጠመው። ቆንጆ ነበር፤ አልዋሽም። እዚያው ሜዳ ተመልሰን ሄድን። ጋሽ ወርቁ ሰደፉን ዳበሱ፣ መረቁ፣ ተቀምጠው በመነጽሩ አዩ። ቆዩ። አንገታቸውን አቃንተው ደግመው አዩ።

«ብረቷን አነሷት እንዴ?»

«አለች ጋሼ። ከድንጋዩ አጠገብ።»

«ድንጋዩን አየዋለሁ። እሷ ላይ ሳደርገው ነው የምትጠፋብኝ።» ተነሡ። «ና አንተ ተኩስ። እኔ እሰማለሁ።»

ተኮስኩ። የብረቱ ድምፅ ዘግይቶ፣ ቀጥኖ መጣ።

«እሰይ! ክንድህ ይባረክ!» አሉ እያጨበጨቡ።

የሚሰድበኝ ሰው ነበር የፈለግኩት። ሜላት እንኳ አልሰደበችኝም፤ መሪውን ይዛ ቤት አደረሰችን። ዳቦ ቆሎውን የነካው የለም።

ጠመንጃው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንከን የለውም። እኔ ያከበርኳቸው መስሎኝ የነፈግኳቸውን ግን እሱ አይመልስልኝም። የዚያ የማላውቀው ሰው የድንገት ግብዣ ከእኔ ክብር ይሻል ነበር።

እሑድ ዕለት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሁን ከሜላት ጋር ነው የሚኖሩት፤ ቴሌቪዥኑን ያዳምጣሉ። የባልደረባዬን ጥያቄ ነገርኳቸውና ሳቁ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት።

«የዚያ ፈረንጅ ጠመንጃ ሰደፉ ቀይ እንጨት ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አየሁት እኮ ያኔ» አሉ። «ብረቷንም።»