አሊዩ አምባ ገበያ ላይ የታሰረው ግላይደር

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ደብረ ብርሃን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ብዙ ነገር ረስቼዋለሁ፤ የማላውቀው ሰው በእኔ እጅ ሥራ የተነሳ ታስሮ የዋለበትን ያንን ቀን ግን እስካሁን አልረሳሁም።

አባቴ አናጺ ስለነበር እንጨት አያስቸግረኝም። የፊዚክስ መምህራችን መምህር ታደሰ የሳይንስ ክበብ አቋቁመው ግላይደር መሥራት ሲያስተምሩን ከወንዶቹ ሁሉ ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ግላይደር ሞተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ነው። የእኛዎቹ ሰው የማይጭኑ፣ ከቀርከሃና ከስስ ጣውላ ተሠርተው ወረቀት የለበሱ ነበሩ። የእኔው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመቴን ያክላል።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲናና የአንኮበር ተማሪዎች ውድድር ተዘጋጀ። ቦታው አንኮበር አጠገብ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ሜዳ ነው። በረዥም ገመድ እየሮጥን እንስበውና ከፍ ሲል ገመዱ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ አየር ላይ ብዙ የቆየው ያሸንፋል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ከሜዳው ጀርባ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ያለው ኮረብታ ላይ የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ጣቢያ ነበረ። አዛዡ ውድድሩን የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በጣቢያው ላይ ምንም ነገር እንዳያልፍ። ካለፈ በጥይት ይመታል፤ ባለቤቱም ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ "ይጠየቃል" ማለት ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳን አላስፈለገንም። ለዚሁ ጉዳይ አንድ አሥር አለቃ ተመድቦ ከዳኞቹ ጎን ቆሟል።

ጠዋት ነፋሱ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር የደብረ ሲናው ልጅ ግርማ መራ፤ እኔ ሁለተኛ ሆንኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ነፋሱ ዞረና በቀጥታ ወደ ጣቢያው ይነፍስ ጀመር። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ልጆች ፈርተው ተዉት። መምህር ታደሰም ጠጋ ብለው፣

"ፀዳለ፣ ሁለተኝነትም ክብር ነው። ይቅርብሽ" አሉኝ።

እኔ ግን ጠዋት ሙሉ አሞሮቹን ሳይ ነበር። ከቆላ የሚመጣው ነፋስ ገደሉን ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፤ አሞሮቹም አፋፉ ላይ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይነሳሉ። የእኔ ግላይደር የሚያስፈራው እየዞረ ከነፋሱ ጋር ስለሚንሸራተት ነው። አፍንጫው ከበድ ካለና ጭራው ቀጥ ካለ ነፋሱን ሰንጥቆ ፊት ለፊት ወደ ቆላው ይወጣል።

ከመሬት ጠጠር ለቅሜ በአፍንጫው ውስጥ ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ጨመርኩና ክዳኗን ዘጋሁ። የጭራውን መሪ አቀናሁ። ከዚያ ከአፋፉ ጥግ ላስነሳው እንደምፈልግ ተናገርኩ። ዳኞቹ ወደ አሥር አለቃው ዞሩ።

"እኔ የታዘዝኩት ጣቢያው ላይ እንዳያልፍ ነው። ቆላውን ማንም አልከለከለኝም" አለ።

ሮጥኩ። ግላይደሩ ተነሳ፤ ገመዱ ተለቀቀ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ነፋሱ ከሥር ተቀበለውና ሽቅብ ወሰደው። ለአፍታ አፍንጫው ወደ ጣቢያው ያዘነበለ መሰለኝ። መልሶ ቀጥ አለና ቆላው ውስጥ ወዳለችው አሊዩ አምባ አቅጣጫ ሄደ፣ ሄደ፣ ነጥብ አከለ። ዳኞቹ ከዓይን እስኪጠፋ ቆጥረው አንደኛ መሆኔን ተናገሩ። ግርማም መጥቶ ጨበጠኝ።

ግላይደሬን ትቼ መሄድ አልፈለግሁም። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔና መምህር ታደሰ ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ዕለቱ የአሊዩ አምባ ገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። ግማሽ መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ከሰማይ የወረደ ነገር አይተው እንደሆነ ጠየቅናቸው።

"ወላሂ አይቻለሁ" አሉ። "በበርበሬ ነጋዴው በሰዒድ ጆንያ ላይ ነው የወደቀው። የጠላት ነው ብለው እሱንም አስረውታል። ማታ ወደ ላይ፣ ወደ አንኮበር ይወስዱታል ይባላል።"

መምህር ታደሰ ፊታቸው ተለወጠ። ውድድሩን ያስፈቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ሦስት ልጆች አሉ።

"እንመለስና በወረዳ በኩል እናስረዳ። ነገ ይፈታል" አሉኝ።

"ነገ እስኪደርስስ ጋሼ? ሰውየው ከዚህ ከወሰዱት በኋላ ማን ይሰማናል? የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እናገራለሁ።"

እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፉና ከፊቴ ቀድመው መውረድ ጀመሩ።

ገበያው መሀል ስንደርስ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ግላይደሬ እንደ ወንጀለኛ በገመድ ግንድ ላይ ታስሯል። አንድ ታጣቂ ራቅ ብሎ ጠመንጃውን ደግኖበታል። ሕዝቡ በሩቁ ከቦ ያያል።

ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋብኝ። ከዛፍ ሥር ሁለት እጁ ወደ ኋላ የታሰረ ጎልማሳ ተቀምጧል። ሰዒድ ማለት እሱ ነው። ሚስቱ ዘይነባ አጠገቡ ቆማ ታለቅሳለች።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የቱ እንደሆነ ጠይቄ ፊቱ ቆምኩ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይህ የእኔ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። እኚህ ሰው ምንም አያውቁም።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"አንቺ ነሽ አውሮፕላን የምትሠሪው?"

መምህር ታደሰ ስለ ውድድሩ በዝርዝር አስረዱ። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር።

"እሺ፣ ሆዱ ውስጥ የሚንኳኳው ምንድን ነው? ሲያነሱት ይንኳኳል። ቦምብ ቢሆንስ?"

ወደ ግላይደሩ ሄድኩ። ታጣቂው "አትንኪው!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ወደ ኋላ ሸሸ። የአፍንጫውን ክዳን ከፍቼ ጠጠሮቹን መዳፌ ላይ አፈሰስኳቸው።

"ጠጠር ነው። ዛሬ ጠዋት አንኮበር ላይ የለቀምኩት።"

ሊቀ መንበሩ አንዷን አንስቶ አገላበጣት። ከዚያ ክንፉ ላይ በቀይ ቀለም ወደተጻፈው ሰባት ቁጥር ጠቆመ።

"ይህስ? ምን ምልክት ነው?"

የተወዳዳሪነት ቁጥሬ ደረቴ ላይ በመርፌ ቁልፍ እንደተያያዘ ነበር። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ አሳየሁት፤ ያው ሰባት። መጀመሪያ ከሕዝቡ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ገበያው በሙሉ። ሊቀ መንበሩ ራሱን መያዝ አቅቶት ፈገግ አለና፣

"ፍቱት!" አለ።

"ማንን? ሰውየውን ነው አውሮፕላኑን?" አለ ታጣቂው።

"ሁለቱንም!"

ሰዒድ የታሰረበትን ቦታ እያሸ ተነሳ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን፣

"አልሐምዱሊላህ። ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ ገደል ወርደሽ 'የእኔ ነው' ለማለት ስለመጣሽ አላህ ይስጥሽ" አለኝ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ "በይ፣ እንባሽን ጥረጊ" አላት።

ዘይነባ እንባዋን ጠረገች፤ ግን ግላይደሩ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች።

"ባሌን ያሳሰረው ይኼ ነው? እስቲ ሲበር ልየው!"

ገመዱ የአንዱን ክንፍ ወረቀት ትንሽ ቀዶታል። ቢሆንም እንደሚበር አውቃለሁ። ጠጠሩን አልመለስኩትም፤ የጭራውን መሪ ወደ ግራ አጠፍኩና ከገበያው ዳር ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ በእጄ ለቀቅሁት።

ከመሬቱ የሚነሳው ሙቀት ያዘው። ከገበያው በላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ እንደገና ዞረ። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የነበረ ሕዝብ ጸጥ አለ። "ማሻ አላህ" የሚል ድምፅ ብቻ ከዚህም ከዚያም ይሰማል። በመጨረሻ ዝቅ ብሎ ዘይነባ እግር አጠገብ አረፈ። እሷም ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ ማቆሚያ አልነበረውም።

ለሰዒድ ማስታወሻ እንዲሆን ግላይደሩን ልስጠው ብል እጁን አወራጨ።

"የለም የለም! እኔ ዘንድ አይደር። አንዴ አሳስሮኛል፤ ይበቃል!"

ዳገቱን ግን በእግራችን እንድንወጣ አልፈቀደም። ሁለት በቅሎ አስጭኖ፣ ዘይነባም ለመንገድ የሚሆን ሙዝ በከረጢት ሰጥታ ሸኙን።

ግላይደሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በክረምቱ እርጥበት ወረቀቱ ተበላሸ። የአሸናፊነት ሽልማቴም የት እንደገባ አላውቅም። ያ አፋፍ ላይ የተነሳው በረራ ሩቅ መሄዱ ያን ጊዜ ደስ አሰኝቶኛል። ተከትዬው በመውረዴ ግን እስከ ዛሬ እኮራለሁ።