ሑመራን ያላየች ሕመምተኛ

ባለፈው ጥቅምት መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ያለው ቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ አንዲት ቢምቢ ጆሮዬ ሥር መጥታ ስታፏጭ፣ ያደግሁበት የመቀሌ ሰፈር፣ ቀዳማይ ወያነ፣ ከነኩሬው ትዝ አለኝ።

ከቤታችን ጀርባ ድንጋይ ሲወጣበት የቀረ ጉድጓድ ነበር፤ ክረምት ሲሞላው እኛ ልጆች ስንዋኝበት እንውል ነበር። መስከረም ሲጠባ አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ ሑመራ ቆላ ወርዶ፣ በኅዳር ጆንያውን ተሸክሞ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ወባ የቆላ ናት፣ መቀሌ ድረስ ዳገቱን አትወጣም እንል ነበር።

አንድ ዓመት፣ አባቴ ገና ሳይመለስ፣ ታናሽ እኅቴ ለታይ ያንኑ የአባቴን መንቀጥቀጥ ተንቀጠቀጠች። አደይ፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ አዝላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ድሬሰሩ፣ ያኔ የሚያክመው የጤና ረዳት፣ «ቆላ ወርዳለች?» አላት።

«ኧረ ከግቢም አልወጣች!»

«እንግዲያው ብርድ ነው» ብሎ አስፕሪን ሰጥቶ ሸኛት።

ልጅቱ ግን ልትሞትብን ደረሰች። በሦስተኛው ቀን አደይ፣ ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ ወደዚያው ሰው ተመልሳ «ረስቼው ነው፣ ሑመራ ወስጃት ነበር» አለች። ደሟ ታየ፤ ወባ! ለታይ ኪኒኑን ውጣ ዳነች፣ አደይም ለንስሐ አባቷ ተናዝዛ አርባ ስግደት ተቀበለች።

ወሬው ሲሰማ እናቶች ሁሉ እንደሷ ይሉ ጀመር። ያን በጋ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ፣ ሑመራ ደርሶ የመጣ ነበር። ታዲያ የቢምቢ መድኀኒት ረጪ እኛ ዘንድ ምን ሊሠራ ይመጣል? ቢምቢ የሚፈላበትን ኩሬያችንን ያየው የለም፤ በዓመቱ ለታይ ደግማ ታመመች፣ ደግማም ሑመራ «ወረደች»።

ያች ቢምቢ ባፏጨች ሰሞን የልጅ ልጄ ተንቀጠቀጠች። ከለታይ ጋር ይዘናት ሄድን። ወጣቱ ሐኪም «አቦይ፣ ቆላ ወርዳ ነበር?» አለኝ። አሮጊቷ እኅቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ሓወይ፣ ሑመራ በለው!» ብላ አንሾካሾከች።

«አልልም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ከመቀሌ ወጥታ አታውቅም። ደሟን እይ። እዚሁ ነው የያዛት ብለህም ጻፍ፣ ሳትጽፍ አልነሳም።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ደሟን አየ፤ ጻፈም። ልጅቱ ዳነች። በሳምንቱ የሐኪሙን ጽሑፍ ያዩ ሁለት የወባ መከላከያ ሰዎች መጥተው፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የማጠራቅምበትን በርሚል አይተው፣ ትንንሽ ትል፣ የቢምቢ እጭ፣ ሲዋኝበት አሳዩኝ። የገዛ በርሚሌ! አፈርኩ፣ ያኔውኑም ከደንኩት።

አደይን አልወቅሳትም፤ ለታይን ያተረፈቻት በውሸቷ ነው። በዚያን ጊዜ እውነት ለተናገረ ደም አይታይለትም ነበር። ዛሬ ይታያል።