ከኮከብ የመጣው ሰውዬ የማን ልጅ ነው?

ባሌ ተገኘ ማውራት ካልተፈቀደለት ይተኛል። ስብከት ላይ ይተኛል፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ይተኛል፣ በጋሪ ሆሳዕና ስንሄድማ መንገዱን የሚያውቀው ፈረሱ ነው። ሽምግልና ላይ ግን ዓይኑ ቦግ ይላል። በወረዳችን በሌሞ ለልጁ ሚስት የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ቤት ነው፤ ተገኘ የሰውን ዘር ከነቅድመ አያቱ ያውቃላ። እኔ ገነቴ እንኳ የገዛ አያቴ ወንድም ስም ሲጠፋኝ እሱን ነው የምጠይቀው። ሚስት ሊጠይቅ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቀን አልነበረም፤ አቶ ጠና ቤት እስኪሄድ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሙ ልጅ ቲቶ ሆሳዕና ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። የአቶ ጠናን ልጅ፣ ፋርማሲ የምትሠራዋን ቤቴልን ወደዳት። ወደዳት ስላችሁ ነገራት ማለቴ አይደለም! ራሱን ሳያመው የራስ ምታት ክኒን ይገዛና ይመለሳል። በዚህ ዘመን፣ ስልክ በእጁ ይዞ! ክኒኑን ለእኔ ያመጣልኛል፤ እኔን ግን የሚያመኝ ጉልበቴን ነው።

ተገኘ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሄደ። በእኛ ዘንድ የልጅቷ አባት «የማን ልጅ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ነገሩ መንገድ ያዘ ማለት ነው። ዘር ይቆጠራል፣ ዝምድና አለመኖሩ ይጣራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ቀን መቁረጥ ነው። አቶ ጠና አልጠየቁም። «ልጁ ፊልም እየሠራ ነው አሉ፤ ሥራውን ልየውና መልስ እሰጣለሁ» ብለው ሸኟቸው። ተገኘ እራቱን ሳይቀምስ «ካልጠየቀኝ ምን ብዬ ልንገረው?» እያለ ሲገላበጥ አደረ። ተገኘ እንቅልፍ ሲያጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፊልሙ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በኪራይ አዳራሽ ታየ። አቶ ጠና ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ቤቴል ከጎናቸው፣ እኔና ተገኘ ከኋላቸው። መብራቱ ሲጠፋ ተገኘም እንቅልፉን ጀመረ።

ጉድ በሉ! ከሌላ ኮከብ መንኮራኩር መጣ ተብሎ አገሩ ጭስ በጭስ ሆነ። ጭሱ ሲገለጥ በፎይል የተጠቀለለ ባጃጅ! የጎረቤታችን የፈትሁዲን ባጃጅ ነው፤ ከኋላው የለጠፈውን አበባ ማን ያጣዋል? ያረፈበት ፕላኔት ደግሞ ዳር ዳሩን እንሰት አብቅሏል። ይሁን፣ እንሰት የትም ይብቀል፣ ደግ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ከውስጡ የወጣው ሰውዬ ነው። የሞተር ሄልሜት አጥልቆ ይዘላል፣ ይማታል፣ ይተኩሳል። ስም የለው፣ እናት የለው፣ አገር የለው። ምን በድለውት እንደሚጣላ እንኳ አይናገርም። አንዲት ልጅ ከእሳት አወጣና ባጃጁ ላይ ጫናት፤ እሷም ማነህ ሳትለው ሄደች። ፊልሙ እስኪያልቅ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም። ከኋላ አንዱ «ኧረ ይቺ ልጅ ወላጅ የላትም እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የማየው የአቶ ጠናን ማጅራት ነበር። በርበሬ መስሏል።

መብራቱ እንደበራ አቶ ጠና ተነሡ። «ቲቶ፣ ና እስቲ።»

ቲቶ ከፕሮጀክተሩ ጎን ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?»

ያቺ ጥያቄ! ተገኘ አንድ ዓይኑን ገለጠ። የተጠየቀው ስለ ባለሄልሜቱ ሰውዬ መሆኑን ሲያይ መልሶ ጨፈነው።

«እ... ከኮከብ ነው የመጣው፣ ጋሼ።»

«ኮከቡ ላይ አባትና እናት የለም? ሽማግሌ የለም? ልጅቷስ? ቤት እየተቃጠለ አንዲት ቃል አትተነፍስም? የኔንም ልጅ እንዲህ አፏን አዘግተህ ልትጭናት ነው ያሰብከው?»

አለቀልን አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«ጋሼ» አለ ቲቶ፣ «ያቺን ልጅ ስጽፍ ቤቴልን እያሰብኩ ነው። ምን እንደምትል ከየት ላምጣው? እስከ ዛሬ ያለችኝ ‹ከምግብ በኋላ ውሰድ› ብቻ ነው።»

አንጀቴን በላው። አሁን ይስቁበታል ስል ቤቴል ብድግ አለች።

«እኔ ብሆን ኖሮ» አለች፣ «ባጃጁ ላይ ከመውጣቴ በፊት ስምህ ማነው እለው ነበር። ይሄን ሁሉ ክኒን ስሸጥለት ስሙን እንኳ አልነገረኝም። ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ ነው የከረምኩት።»

አቶ ጠና ልጃቸውን አዩ። ቲቶን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተስ?» አሉት። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

ቲቶ የአባቱን ስም አለ። አያቱ ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረ፤ ጠፍቶት አይደለም፣ ደስታ ነው። ተገኘን ልቀሰቅሰው ዞር ብል፣ ቆሟል! ዓይኑ ቦግ ብሏል። ያን ሁሉ ተኩስና ፍንዳታ ተኝቶ ያሳለፈ ሰው ይቺን ግን በእንቅልፉ ሰማት።

«ቆይ ወንድሜ፣ እኔ ልንገርህ» ብሎ ከአያቱ ጀመረ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ የትኛው አያት በሬ ሰጥቶ ሰው እንዳስታረቀ፣ የትኛው በእግሩ ሆመቾ ድረስ ሄዶ ሚስት እንዳመጣ። የተከራየነው ሰዓት አልቆ ጠባቂው በሩ ላይ ቁልፉን ሲያንቃጭል ተገኘ ገና ሰባተኛው አያት ላይ ነበር፤ ከአዳራሹ ግን አንድም ሰው አልወጣም።