የሐረገ ወይን ጎደሎ ስንኝ

ሐረገ ወይን ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥም ላይ ግን በወገዳ ዙሪያ የሚቀድማት የለም። ኮረዳ ሳለች የምትወደው ባዩ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ቢዘገይባት፣ የገብስ አጨዳ ወንፈል ላይ ገጥማ በመንገደኛ አፍ ላከችለት፦

ገብሱ ደረሰልህ ማጭድ ይዣለሁ፣
የጎኔን ትልም ግን ትቼልሃለሁ፣
ብትፈልግ ና እጨድ።

ባዩ መልእክቱ በደረሰው በአራተኛው ቀን ከተፍ አለ። ሐረገ ወይንም መቆም ሰልችቷት የተወችለትን ትልም እስከ ግማሹ አጭዳ ነበር። ቀሪውን እሱ አጨደ፤ በጥር ተጋቡ።

ዘንድሮ ልጃቸው ቃልኪዳን ግጥሙን ለአማርኛ አስተማሪዋ ለኤፍሬም ሰጠችው። ወጣቱ መምህር በጣም ወደደው፤ በወላጆች በዓል እሷው እንድታነበው አዘዘና ሰሌዳ ላይ ተነተነው። ስንኙ በሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ቀለም አለው፤ ቤት የሚመታው በ«ሁ» ነው፤ ያልታጨደው ትልም የትዳር ምሳሌ ነው። እስከዚህ ማለፊያ ነበር። ግን ሦስተኛው ስንኝ ጎደሎ ነው፣ ቤትም አይመታም አለና ከራሱ ሞላበት፦ «እጠብቅሃለሁ።» ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ!

ቃልኪዳን ደብተሯን ስታነብላት ሐረገ ወይን ነደደች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ኤፍሬም ከወንበሩ ተነስቶ በአክብሮት ተቀበላትና፣ ስንኙ ሲጎድል የሰሚው ጆሮ ቀሪውን እንደሚጠብቅ አስረዳት።

«ጆሮ ይጠብቅ፤ እኔ አልጠበቅሁም» አለችው። «ትልሙን ተውኩለት፣ ከፈለገ መጥቶ ይጨድ አልኩ። ለምኜ አላገባሁም፤ ያላልኩትን አያስብሉኝ፣ መምህር።»

እሱ ግን ግጥሙ ለበዓሉ የታተመበት ወረቀት ተበትኗል፣ አሁን አይለወጥም አላት። ሐረገ ወይን እቤቷ ተመልሳ ለልጇ የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናትሽን አፍ አንቺ ታውቂዋለሽ አለቻት።

በበዓሉ ቀን ቃልኪዳን ወረቀቱን አጣጥፋ ይዛ ቆመች፤ ግጥሙንም በቃሏ አለችው። «ብትፈልግ ና እጨድ» ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ኤፍሬም ከፊት ተቀምጦ በከንፈሩ «እጠብቅሃለሁ» እያለ ያስታውሳታል፤ እሷ አይታ እንዳላየች ሆነች። ሐረገ ወይን ከባዩ ጎን ተቀምጣ ልጇን ታያለች። ከወላጆች አንዱ ቀጥዪ እንጂ፣ ጠፋሽ እንዴ ሲላት፣ ባዩ ከኋላ ብድግ አለ።

«አልጠፋትም» አለ። «የቀረውን እኔ አጭጄዋለሁ።»