በሚካኤል ቀን የዞረው ቶርኖ

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው በማስተምርበት ወርክሾፕ ውስጥ መደማመጥ አቃተን፤ ማሽኖቹን አጠፋፍተን ቆምን። ሌላው ሰው ስለ ጣራው ሲጨነቅ እኔ ቡሬን አስታወስሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከራሴ አልወጣም።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ ነበርሁ። አገሬ ደጋ ዳሞት ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ተምሬ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት ተቀጠርሁ። ማሽኑን የሚያውቅ በአካባቢው እኔ ብቻ ነበርሁ። ልኩን በቁጥር እጽፍለታለሁ፣ አረንጓዴውን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ብረቱን ራሱ ልጦ ራሱ ይቆማል። ሰው እየመጣ ያይና «ጉድ ነው» ብሎ ይሄዳል። መሄዱ ነው ክፋቱ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ እኔ ዓመት ሙሉ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ብቻዬን ስበላ እንዴት እንዳልሞትሁ ይገርመኛል።

የተከራየሁት ከአያ ይግዛው ግቢ ነበር። እሳቸው የመንደሩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ ነበሩ። ማኅበሩ እንዲያስገባኝ በመስከረም ለምኜ «እንመካከርበት» ተብያለሁ። ሐምሌ ገባ፤ አሁንም ይመካከራሉ። የጎጃም ሰው ምክር አይቸኩልም። እኔም የጎጃም ሰው ነኝና ደግሜ አልጠየቅሁም።

በሐምሌ ሚካኤል ዋዜማ የመንደሩ ወፍጮ ዘንግ ተሰበረና ባለቤቱ አመጣልኝ። «ነገ ግዝት ነው፤ ከነገ ወዲያ ይደርሳል» አልሁት። እሺ ብሎ ሄደ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስሁ። የማኅበሩ ጽዋ ከወንዙ ማዶ ካለ ቤት ነበርና ሰው ሁሉ በጭቃው እየተጠራራ ወረደ፤ ግቢው ባዶውን ቀረ። ደጃፌ ላይ ቆሜ ዝናቡን አየሁ፣ ድንች ላጥሁ፣ ተኛሁ፣ ተነሣሁ። ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም። በመጨረሻ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ሥራ ቤት ሄድሁ፤ ለአዲሱ ዘንግ የሚሆነውን ብረት ማሽኑ ላይ አሰርሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ድምፁ ግን ወንዙን ተሻግሮ ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ወርዶ የመንደሩን በቆሎ ተለተለው። ለምን ወረደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ በቀረጽሁት ዘንግ እህላቸውን እያስፈጩ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር ተቀምጠው አስጠሩኝ፤ ሄጄ ፊታቸው ቆምሁ።

«ግዝት ሽረሃል ይላሉ» አሉ አያ ይግዛው።

«እኔ ቁልፍ ብቻ ነው የተጫንሁ፣ አባቴ። የሠራው ማሽኑ ነው።»

«በሬም የሚሄደው በራሱ እግር ነው። የሚጠየቀው ግን የጠመደው ነው። ለመሆኑ ልጄ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ምን ጎድሎህ ነው ወደ ብረት የሄድኸው?»

«ወፍጮው ቆሞ ሰው ሲቸገር አይቼ ነው» አልሁ።

ውሸት ነበር። ወፍጮው አንድ ቀን ይታገሥ ነበር፤ ያልታገሥሁት እኔ ነኝ። ብቸኝነት ገደለኝ ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር ግን ውርደት መሰለኝ።

«እንግዲህ ካልህ» አሉ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩን ነገር ያነሣልኝ የለም፤ እኔም አላነሣሁም። ዓመት ሳይሞላ ቡሬን ለቀቅሁ።

ያን ጥያቄ ስንት ዘመን እንደ ክስ ስሰማው ኖርሁ። አያ ይግዛው አርፈዋል፤ ዛሬ ሄጄ እውነቱን የምነግረው የለም። ባለፈው ሳምንት ግን፣ አባርቶ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ረስቼው የነበረ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሲጠይቁኝ ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ፈቀቅ ብለው ነበር። ያኔ ሊነሡ መስሎኝ ቸኩዬ መለስሁ። ለካ ቦታ እየለቀቁልኝ ነበር።