ኮሶ የጠጣችው ድመት

ወይዘሮ ፈንታነሽ ደብረ ታቦር ውስጥ ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ፣ ልጃቸውም አግብታ ይፋግ ከተማ ከሄደች ወዲህ፣ የቤት ጓደኛቸው አንዲት ግራጫ ድመት ብቻ ነበረች።

ባለፈው ክረምት ድመቷ ሆዷ ተነፍቶ ጀርባዋ አጥንት ሆነ። የሰጧትን ሁሉ ትበላለች፤ ወዲያውም ያስቀምጣታል። ወይዘሮ ፈንታነሽ በነጠላቸው አቅፈው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰዷት። በሬ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ፣

«እትዬ፣ ለእርሻ ናት ለወተት?» አላቸው።

«እናትህ አንተን አሳድጋ ካተረፈችው ይበልጥ አትርፌባታለሁ» አሉት። ወረፋው በሙሉ ሣቀ።

ምስጋና የሚባለው የክሊኒኩ ባለሙያ ግን የድመቷን ሆድ ዳስሶ፣ «ሳልመረምር መድኃኒት አልሰጥም። ነገ ትኩስ ዓይነ ምድሯን በንጹሕ ብልቃጥ ያምጡልኝ። እስከዚያ ምንም ዓይነት መድኃኒት እንዳይሰጧት» አለ።

ያን ዕለት ጎረቤታቸው አቶ ይሻው ብልቃጡን አይተው ተገረሙ።

«አንች ፈንታነሽ፣ የድመት ኩስ ተሸክመሽ ከተማ ልታቋርጭ ነው? ጥሬ ሥጋ የሚበላ ፍጥረት ኮሶ እንጂ ምን ይይዘዋል? እኛስ የዳንን ኮሶ ጠጥተን አይደል?»

ለወይዘሮ ፈንታነሽ ነገሩ እውነት መሰላቸው። የኮሶ አበባ ፈጭተው በጥቂት ጠላ በጠበጡና በድመቷ ጉሮሮ አንቆረቆሩት። እስኪነጋ ድረስ ሆዷ አላረፈም፤ ለብልቃጡ የሚሆነው በየጥጉ ተገኘ።

ጠዋት ድመቷን ቤት ትተው ብልቃጡን ሲያደርሱለት፣ ምስጋና በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ «ወስፋት ነው፤ የኮሶ ትል አይደለም። በክኒን ይድናል» አለ። ቀጥሎም ግንባሩን ቋጠረ። «ደም ግን አየሁበት። የሰጧት ነገር አለ?»

ወረፋ የሚጠብቁት ገበሬዎች ጆሯቸውን አቅንተው ነበር።

«ምንም አልሰጠኋት» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ።

ምስጋናም ቃላቸውን አምኖ ክኒኑን ሰጣቸው። እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ፣ አንጀቷ የቆሰለውንና የሰውነቷ ውኃ ያለቀውን እንስሳ ከክኒኑ አስቀድሞ ወደ ክሊኒኩ ባስመጣትና ባስታገማት ነበር። ቤት ደርሰው ክኒኑን አስዋጧት፤ ድመቷ ከቀትር አላለፈችም።

በማግስቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ክሊኒኩ ተመለሱ።

«ኮሶ ሰጥቻት ነበር» አሉት።

ምስጋና ጓንቱን እያወለቀ፣ «ታዲያ ምነው ስጠይቅዎ ቢነግሩኝ?» አለ።

«አፍሬ ነው፣ ልጄ። ያፈርሁት ለራሴ ነበር፤ የታመመችው ግን እርሷ ነበረች።»